ቁጥሩ የሚለካው ምንን ነው? የቫኩም ፓምፕና የብልት ልኬት በላስታ ደጋ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በአደባባይ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን የምንተርት ሰዎች፣ ጉዳዩ የወንድ ብልት ሲሆን ዝምታን እንመርጣለን። ዝም ያልንበትን ቦታ ደግሞ ሻጭ ይይዘዋል። በስልኮቻችን ላይ የሚመላለሱ ማስታወቂያዎች የቫኩም ፓምፕ ብልትን ያሳድጋል ይላሉ። ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡትም ቁጥር ነው፦ ከመጠቀም በፊት ይህን ያህል፣ ከተጠቀሙ በኋላ ይህን ያህል ሳንቲ ሜትር። እኔም ዛሬ የምመረምረው ይህንኑ ቁጥር ነው። በእርግጥ የሚለካው ምንን ነው? እንደ ላሊበላ ባለ ከፍተኛ ቦታ ላይስ መሣሪያውና ልኬቱ ምን ይሆናሉ? (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ መሣሪያው ራሱ ማጭበርበሪያ እንዳልሆነ መናገር ይገባል። ኦቶ ሌደረር የተባለ የቪየና ሐኪም በ1917 ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቷል። በ1982 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሐኪም ትእዛዝ ለገበያ እንዲቀርብ ፈቅዷል። ዛሬ በስኳር በሽታ፣ በፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ወይም በሌላ ምክንያት ስንፈተ ወሲብ ለገጠማቸው ሰዎች ከሚታዘዙ ሕክምናዎች አንዱ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። ብልቱ በአንድ ጫፉ ክፍት በሆነ ግልጽ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፤ ፓምፑ ከውስጥ አየር ይስባል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከሰውነት ግፊት ሲያንስ ደም ወደ ብልቱ ይፈሳል። ከዚያም ደሙ እንዳይመለስ ከሥሩ ቀለበት ይደረግለታል።

ይህ አሠራር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ዋግምት ሲደረግ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ባለሙያው ቀንዱን በጀርባ ላይ ደፍቶ አየሩን በአፉ ሲስበው፣ ከቀንዱ ሥር ያለው ቆዳ ይነሣል፣ ያብጣል፣ ይቀላል። ቀንዱ ሲነሣ እብጠቱ ለጥቂት ጊዜ ይቆይና ይሟሽሻል። ከዚያ በኋላ «ጀርባዬ አደገ» የሚል ሰው ግን አልተሰማም። ያየነው በግፊት ልዩነት የተሳበ ደምና ፈሳሽ እንጂ አዲስ ሥጋ አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በሲሊንደር ውስጥ የሚታየው ነገር ከዚህ አይለይም። ፓምፑ እንደተነሣ ወዲያው የተወሰደ ልኬት ብልቱን፣ ተጨማሪውን ደምና በቆዳው ሥር የተጠራቀመውን ፈሳሽ አንድ ላይ ይቆጥራል። ሲሊንደሩ በጠበቀ መጠን ከብልቱ ሥር ያለው ቆዳና ስብ ጭምር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የታተመው መስመርም ይህንኑ እንደ ርዝመት ያነብበዋል።

አሁን ወደ ከፍታው ጉዳይ እንምጣ። ቶሪቼሊ በ1643 የሜርኩሪ ባሮሜትርን ካሳየ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የፓስካል እኅት ባል ፔርየ ባሮሜትሩን ይዞ ፒዩ ደ ዶም የተባለውን የፈረንሳይ ተራራ ወጣ። ከፍ ባለ ቁጥርም ሜርኩሪው ሲወርድ ተመለከተ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንቷን ዳባዲ የኢትዮጵያን ደጋ ከፍታ ሲለካ የተጠቀመው ይህንኑ እውነት ነበር፤ ውኃ የሚፈላበትን ሙቀት እየለካ የቦታውን ከፍታ ያሰላ ነበር። በላሊበላ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑና ባቄላ ቶሎ አለመብሰሉ ምክንያቱ አንድ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ላሊበላ ወደ 560 ይወርዳል። ከ4,200 ሜትር በላይ በሆነው በአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ደግሞ ወደ 450 ይጠጋል።

ይህ ለፓምፑ ምን ማለት እንደሆነ በስሌት እንየው። አንድ ሰው የፓምፑን እጀታ በመመሪያው በተጻፈው ቁጥር ልክ ስቦ፣ ከሲሊንደሩ ውስጥ ካለው አየር ሩቡን አወጣ እንበል። በባሕር ወለል ላይ ግፊቱ ከ760 ወደ 570 ይወርዳል፤ ልዩነቱ 190 ነው። በላሊበላ ከ560 ወደ 420 ይወርዳል፤ ልዩነቱ 140 ብቻ ነው። ደሙን የሚስበው ይህ ልዩነት ስለሆነ፣ እኩል ስንስብ እኩል ውጤት አናገኝም። ሰውየው «አልሠራልኝም» ብሎ በዘፈቀደ ሲጨምር ደግሞ ልኩን አልፎ ራሱን ሊጎዳ ይችላል። መፍትሔው የግፊት ልዩነትን የሚያሳይ መለኪያ ያለውን መሣሪያ መጠቀም ነው። መለኪያው በውስጥና በውጭ ያለውን ልዩነት የሚያነብ ከሆነ፣ 150 ማለት በአሰብም ሆነ በላሊበላ ያው 150 ነው። ግፊቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ አየር የሚያስገባ መቆጣጠሪያ ቫልቭም የሚሠራው በልዩነቱ ስለሆነ፣ ከፍታ አያሳስተውም። ስለዚህ በደጋ ላይ መቁጠር ያለብን የእጅ ምቱን ሳይሆን የመለኪያውን ንባብ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው ልኬት እንዴት ይወሰዳል? ሐኪሞች የሚከተሉት ሥርዓት አለ። ልኬቱ ከፓምፑ በፊት እንጂ ከፓምፑ በኋላ አይወሰድም፤ ፓምፕ ከተጠቀሙም እብጠቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ይጠበቃል። ብርድ ብልትን ስለሚያኮማትር ክፍሉ ሞቅ ያለ መሆን አለበት፤ በላስታ ጠዋት በቀዝቃዛ ክፍል የተወሰደ ልኬት ከቀትር ልኬት ጋር ሊነጻጸር አይችልም። የማይታጠፍ ማስመሪያ በብልቱ የላይኛው ገጽ በኩል ይቀመጥና፣ ከብልቱ በላይ ያለው ስብ እስኪጨመቅ ድረስ ወደ አጥንቱ ይጫናል፤ አለበለዚያ የምንለካው የውፍረትና የክሳት ለውጥን ነው። ከዚያ ብልቱ ሳያምም ተወጥሮ እስከ ጫፉ ይለካል። ይህ ሦስት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይመዘገባል። ዙሪያው ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ በልስልስ ሜትር ይለካል።

ሦስት ጊዜ መለካት ያስፈለገው የራሳችንን ስሕተት ለማወቅ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን ያለ ምንም ፓምፕ ሦስት ጊዜ ለክቶ በ5 ሚሊ ሜትር የሚለያዩ ቁጥሮች ካገኘ፣ ከወራት በኋላ የሚያየው የ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ምንም አይነግረውም። ይህ ምሳሌ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ2006 ከኢራን በታተመ ጥናት፣ 37 ወንዶች በሳምንት ሦስት ቀን ለስድስት ወር የቫኩም ፓምፕ ተጠቅመው፣ የተወጠረ ብልታቸው አማካይ ርዝመት ከ7.6 ወደ 7.9 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ተመራማሪዎቹ ይህ ለውጥ በስታቲስቲክስ ሚዛን ትርጉም እንደሌለው አስታወቁ። ሆኖም ከተሳታፊዎቹ 30 በመቶ ያህሉ በውጤቱ ረክተው ነበር። እርካታ ልኬት አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት በጤና ባለሙያዎች የተለኩ እስከ 15,521 ወንዶችን መረጃ አሰባስቧል። የተወጠረ ብልት አማካይ ርዝመት 13.24፣ የቆመው ደግሞ 13.12 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረባቸው፣ በሥርዓት ከተለካ ፓምፕም ሆነ ሌላ ማነቃቂያ ሳያስፈልግ በመወጠር ብቻ ተቀራራቢ መልስ እንደሚገኝ ያሳያል።

የስሕተት ልኬት ጉዳት በቁጥር ብቻ አይወሰንም። ያበጠውን «አደገ» ብሎ የመዘገበ ሰው፣ በማግስቱ እብጠቱ ሲጎድል «ቀነሰብኝ» ብሎ ይደነግጣል፤ የተሳሳተውን ቁጥር መልሶ ለማግኘትም ግፊቱንና ጊዜውን ይጨምራል። ከዚህ የሚተርፈው የደም መቋጠር፣ የቆዳ መቁሰልና ሕመም ነው። ቀለበቱ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም የደም መርጋት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር መሣሪያውን መንካት የለበትም። ስንፈተ ወሲብ ራሱ የስኳር ወይም የልብና የደም ሥር በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ፓምፕ በድብቅ ገዝቶ የሚቀመጥ ሰው ሕይወቱን የሚያተርፍ ምርመራ ሊያመልጠው ይችላል። በአገራችን የሕክምና መሣሪያ ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ተደንግጓል፤ በጓዳ የሚሸጥ መለኪያ አልባ ፓምፕ ግን ማን እንደሠራውና ማን እንደመረመረው የሚታወቅ ነገር የለም።

ነገ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት የምትሆኑ ተማሪዎች ሆይ፤ ከገጠር ተነሥቶ፣ ሰው እንዳያየው ተሸማቆ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ይኖራል። በእጁም የጻፋቸው ቁጥሮች ይኖሩ ይሆናል። አትሳቁበት። ቁጥሮቹ መቼ፣ በምን፣ ከፓምፑ በፊት ወይስ በኋላ እንደተወሰዱ በአክብሮት ጠይቁት። ከዚያ የደም ግፊቱንና የደም ስኳሩን ለኩለት። ሊለካለት የሚገባው ዋናው ነገር ምናልባት እርሱ ሊሆን ይችላል።