የዕቃ ማጠቢያ ማሽን በነባር የኪችን ካቢኔት ውስጥ ሲገጠም

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ካቢኔቱ ቀድሞ በተሠራ ኪችን ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን መግጠም የሚፈልግ ነዋሪ በቅድሚያ የካቢኔቱን ስፋት ይለካል። ልኬቱ ተገቢ ቢሆንም በቂ አይደለም። ማሽኑ ለዓመታት ማገልገሉን ይበልጥ የሚወስኑት ውኃው የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ናቸው።

የተለመደው ማሽን ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 82 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ጠበብ ያለው ዓይነት 45 ሳንቲ ሜትር ወርድ አለው። ተስማሚው ቦታ ከሲንኩ ጎን ያለው ካቢኔት ነው፤ ቧንቧውም ፍሳሹም ቅርብ ናቸውና። ለማሽኑ ቦታ ሲባል የሚነሣው የካቢኔት ግድግዳ ከላይ ያለውን እምነበረድ የተሸከመ ከሆነ፣ አስቀድሞ ሌላ ድጋፍ ሊቆምለት ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የውኃ ግፊት ነው። የአቃቂ የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች ለመዲናዋ ከሚያቀርቡት ምንጮች መካከል ቢሆኑም፣ ውኃ በፈረቃ የሚደርሰው ነዋሪ በጣሪያ ላይ ሮቶ ይጠቀማል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የሚፈጥረው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ያህል ሲሆን፣ ብዙ ማሽኖች ግን ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይፈልጋሉ። አንዳንድ አምራቾችም በደቂቃ 10 ሊትር እንዲፈስ ይጠይቃሉ። ይህን ለማወቅ ከሲንኩ ሥር ካለው የቀዝቃዛ ውኃ መስመር 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ መሙላት ይቻላል። ባልዲው ከአንድ ደቂቃ በላይ ከፈጀ ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይም ፓምፕ መጨመር ያስፈልግ ይሆናል፤ ይህ መታወቅ ያለበት ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ነው።

ማሽኑ ከቀዝቃዛው መስመር በቲ ተከፍሎ የራሱ መዝጊያ ቫልቭ ይደረግለታል። ቫልቩ ከማሽኑ ጀርባ ሳይሆን እጅ በቀላሉ በሚደርስበት በሲንኩ ካቢኔት ውስጥ መሆን አለበት። ተቋርጦ የሚመለስ ውኃ ደለል ስለሚያመጣ በማስገቢያው ጎማ ጫፍ ያለችው ወንፊት በየጊዜው ትጽዳ። የከርሰ ምድር ውኃ ማዕድን ሊበዛበት ስለሚችልም ለማሽን የተዘጋጀውን ጨው መጠቀም ነጭ ቅሪት እንዳይጋገር ይረዳል።

የማስወጫው ጎማ ከማሽኑ እንደወጣ እስከ እምነበረዱ ሥር ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ከዚያ ወርዶ ከሲንኩ ሲፎን በላይኛው ክፍል ይገጠማል። ጎማው ከፍ ካላለ የሲንኩ እድፍ ወደ ማሽኑ ይመለሳል፤ ከሲፎኑ በኋላ ከተገጠመ ደግሞ የፍሳሽ ሽታ ወደ ቤት ይገባል።

ፍሳሹ መድረስ ያለበት ወደ ፍሳሽ መስመር ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንክ ነው። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በዚሁ ክፍለ ከተማ ቢገኝም ሊያጣራ የሚችለው የሚደርሰውን ብቻ ነው። በዝናብ ቦይ የተለቀቀ እድፍ ሳይጣራ ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል። የማሽን ሳሙና ከተለመደው የእጅ ማጠቢያ ሳሙና የበረታ ነው፤ በወንዙ ዳር ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በመስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች አሉ።

ሶኬቱ የመሬት መስመር ያለው ሆኖ ከማሽኑ ጀርባ ሳይሆን በጎን ካቢኔት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ማሽኑ በሩ ተከፍቶ መደርደሪያው ሲሳብ ወደ ፊት እንዳይዘነብል ከእምነበረዱ ወይም ከካቢኔቱ ጋር ይታሰር።

በመጨረሻም የመጀመሪያው እጥበት ሰው ቆሞ ሊከታተለው ይገባል። በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት ማንጠፍ ጥቂት ጠብታን እንኳ ያጋልጣል። ቺፕውድ አንዴ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ ወደ ቀድሞ ቅርፁ አይመለስም፤ በኮንዶሚኒየም ደግሞ ጉዳቱ እስከ ታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ይደርሳል። ስለሆነም ውኃ በጠፋበት ቀን ከቤት የሚወጣ ሰው የማሽኑን ቫልቭ ዘግቶ ቢወጣ ራሱንም ጎረቤቱንም ከኪሳራ ያድናል።