የጉዳት ጡረታና የፍርድ ቤት ደጅ

በላይ ጋይንት ደጋ የሚያስተምር መምህር ለሥራ ሲጓዝ ወድቆ ወገቡ ቢሰበር፣ ጡረታ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን መጀመሪያ የሚወስነው ዳኛ አይደለም። የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይለካል፤ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ በዚያ ላይ ተመሥርቶ አበሉን ይወስናል፤ ቅር የተሰኘ ሰው ደግሞ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያመለክታል። ፍርድ ቤት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት አዋጅ ቁጥር 714/2003 ነው፤ በ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቶበታል። ሕጉ በሕመም መሥራት ያቃተውንና በሥራ ላይ የተጎዳውን ይለያል። የታመመው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ የጤና ጉድለት ጡረታ አበል፣ ካልሞላለት በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ያገኛል። በሥራ ላይ ተጎድቶ ጨርሶ መሥራት ያልቻለ ሰው ግን የአገልግሎት ዘመኑ ሳይቆጠር የጉዳት ጡረታ ይገባዋል፤ በአዋጅ 714 መጠኑ የደመወዙ 47 በመቶ ነበር። እንግዲህ 8 ዓመት ያገለገለ ሰው «ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ አይደለም» ከተባለ የዕድሜ ልክ ገቢው ቀረበት ማለት ነው።

ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። ጉባኤው በፍሬ ነገር ላይ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ሲሆን፣ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያስኬደው የሕግ ስህተት ነው። አንድ ጉዳት «በሥራ ላይ የደረሰ» ነው ወይ የሚለው የሕግ ትርጉም ስላለበት ለዳኞች ሊቀርብ ይችላል። ቦርዱ 9 በመቶ ያለውን ጉዳት 30 ነው ብሎ መከራከር ግን የፍሬ ነገር ጉዳይ ነው። የሰው ኑሮ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህ ቁጥር ስለሆነ፣ ክርክሩ የሚሸነፈው ፍርድ ቤት ከመደረሱ በፊት ሐኪሞቹ ፊት ነው ብዬ አምናለሁ።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተስፋ ሰጪ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለውሳኔያቸው ምክንያት እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ውሳኔያቸውም በፍርድ ቤት እንዲከለስ ይፈቅዳል። ምክንያቱ ያልተጻፈን ውሳኔ ዳኛ በምን ይመረምረዋል?

ደመወዝተኛው ይህን ያህል መንገድ ሲኖረው ገበሬው የለውም። በእብናት፣ በስማዳና በሁለቱ ጋይንቶች ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጉልበት ላለው ሥራ፣ በአካል ጉዳት ወይም በእርጅና መሥራት ለማይችል ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ከዝርዝሩ የቀረ ሰው አቤቱታውን የሚያሰማው ለቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን የመርዳት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ሆኖም ኮሚቴው በቃል «አይገባህም» ያለውን ሰው እነዚህ አንቀጾች እስካሁን አልደረሱለትም።

ወደ ይግባኙ እንመለስ፤ ጉባኤው ካለበት አዲስ አበባ እስከ ደብረ ታቦር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መራመድ ያቃተው ሰው ያን መንገድ ለአንድ ቀጠሮ እንዲመላለስ መጠየቅ መብቱን መንፈግ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፕላዝማ ችሎት ማካሄድ ከቻለ፣ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤውም የክልል ሰዎችን ባሉበት ሊሰማቸው ይገባል። እናንተም ውሳኔ ሲነገራችሁ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የቦርዱን ወረቀት ኮፒ ያዙ፤ የይግባኝ ቀናችሁ እንዳያልፍ ቁጠሩ።