እውነት ወይስ ተረት? ትልቅ ጎማ፣ ዲፈረንሻል፣ ሞተርና የነዳጅ ወጪ

ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ሊገዛ የወጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው "በሊትር ስንት ይሄዳል?" ብሎ ነው። መልስ አይጠፋም፤ ሻጩ አንድ ይላል፣ ደላላው ሌላ፣ ጎሚስታ ቤት የቆሙት ሾፌሮች ደግሞ ሦስተኛ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና አድሶ፣ ጎማውን አሳድጎ፣ ሞተሩን ቀይሮ ለዓመታት መንዳት የብዙ ባለንብረት ሐሳብ ሆኗል። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ስለ ነዳጅ የሚወራውን አንድ በአንድ ማጣራት ይጠቅማል፤ ከሚወራው ውስጥ ብዙው ከተሳሳተ ልኬት የተነሣ ነውና።

ተረት፦ "ትልቅ ጎማ ካስገባሁ ወዲህ በሊትር ከ10 ወደ 9 ወረደ"

ይህን የሚለው ሰው ያየውን ነው የሚናገረው፤ ችግሩ ያነበበበት ቆጣሪ ላይ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ መንገዱን አያይም። የሚቆጥረው የዘንግ ወይም የጎማ ዙር ሲሆን፣ አንዱ ዙር ስንት ሜትር እንደሚሄድ በፋብሪካው ጎማ ልክ ተሰልቶ ተሰጥቶታል። ጎማው ሲያድግ ያ ስሌት ይዛባል።

በቁጥር እንየው። በብዙ ሃይሉክሶችና ፕራዶዎች ላይ የሚገኘው 265/65/17 ጎማ ከላይ እስከ ታች 776 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አገር አቋራጭ መንገድ የሚወዱ ሰዎች የሚያስገቡት 285/70/17 ደግሞ 831 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ሲል መኪናው የሄደው 107 ነው።

ድሮ በ50 ሊትር 500 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና፣ ጎማው ከተቀየረ በኋላ በ50 ሊትር 450 አነበበ እንበል። ባለቤቱ "በሊትር አንድ ኪሎ ሜትር ከሰርኩ" ይላል። 450ው ግን በትክክል ሲለካ 481 ገደማ ነው፤ በሊትር 9.6 ማለት ነው። ጠፋ ከተባለው አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የቆጣሪው ስህተት ነው፤ በነዳጅ የተከፈለበት ከ0.4 አይበልጥም።

ከዚያ ከቀረው ላይም የተወሰነው የጎማው ጥፋት ላይሆን ይችላል። ሾፌሩ እንደ ልማዱ ቆጣሪው 80 ላይ ሲደርስ እግሩን ያረጋጋል፤ መኪናው ግን ከበፊቱ 80 በ7 በመቶ ፈጥኗል። የንፋስ ተቃውሞ በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ ሰውየው ሳያውቀው 14 በመቶ የበለጠ ንፋስ እየገፋ ይነዳል። ይህን ለማጣራት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የስልኩን ጂፒኤስ ከፍቶ ረዘም ባለ መንገድ ላይ ከቆጣሪው ጋር ማወዳደር ይበቃል። የተገኘውን ልዩነት ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝና በየጊዜው ፉል ሲያስሞሉ በዚያ ማባዛት ነው። የፍጥነት ቆጣሪውንም በዚያው ቢያዩት ጥሩ ነው፤ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ስለሚያደርጉት፣ የፍጥነቱና የርቀቱ ስህተት እኩል ላይሆን ይችላል።

ተረት፦ "ትልቅ ጎማ የሞተሩን ዙር ስለሚቀንስ ነዳጅ ይቆጥባል"

ይሄኛው ደግሞ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ ግማሹ እውነት በመሆኑም ብዙ ሰው ያምነዋል። 4.10 ዲፈረንሻል ባለው መኪና (ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ 4.10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው) በአራተኛ ማርሽ፣ ካምቢዮው ዙሩን ሳይቀይር በቀጥታ በሚያስተላልፍበት ጊዜ፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በትንሹ ጎማ ሞተሩ በደቂቃ 2,240 ዙር ያህል ይዞራል። በትልቁ ጎማ 2,095 ገደማ ይሆናል። ባዶ መኪና፣ ለጥ ያለ አስፋልት፣ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ የሚጎትት ቱርቦ ናፍጣ ሞተር፤ እነዚህ ሦስቱ ከተገናኙ ዙሩ መቀነሱ ጥቂት ሊጠቅም ይችላል።

የኢትዮጵያ መንገድ ግን ብዙውን ጊዜ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አይሰጥም። ቱርቦ የሌለውን ባለ 4.2 ሊትሩን 1ኤችዜድ እንውሰድ። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ የተገጠመ፣ በየገጠሩ ጤና ጣቢያና ፕሮጀክት ቢሮ ደጃፍ ቆሞ የምናየው ሞተር ነው። የመጎተት ጉልበቱ ጣሪያ 285 ኒውተን ሜትር ሲሆን እሱንም የሚሰጠው በ2,200 ዙር አካባቢ ነው። ይህ መኪና ዕቃና ሰው ጭኖ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ይወጣል። በፊት በሦስተኛ ማርሽ በ2,200 ዙር እየተነፈሰ ይወጣው የነበረውን ዳገት፣ ጎማው ሲያድግ በዚያው ፍጥነት ዙሩ ወደ 2,050 ይወርድበታል። ጎማው ስለረዘመ መሬቱን የሚገፋበት ኃይልም ከ6 በመቶ በላይ ይቀንሳል። 4.10ው ዲፈረንሻል ተነቅሎ 3.83 የገባ ያህል ነው። ሞተሩ ማጣጣር ሲጀምር ሾፌሩ ወደ ሁለተኛ ይመልሳል፤ ፍጥነቱን ልጠብቅ ካለ ዙሩ ከ3,000 ያልፋል፣ ካልሆነ እየጎተተ ይወጣል። ሜዳ ላይ በዙር የተቆጠበችው ጠብታ እዚህ ዳገት ላይ ትከፈላለች።

ክብደቱ አለ ደግሞ። ትልቁና ወፍራሙ ጎማ ከፋብሪካው ጎማ በአንዱ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፤ ከባድ ቸርኬ ከተጨመረ ከዚያም ያልፋል። ከባድ ቦቲ ጫማ አጥልቆ የሮጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ በእግር ላይ ያለ ክብደት በጀርባ ከተሸከሙት የበለጠ ያደክማል። መኪናም ሲነሣ የጎማውን ክብደት ወደፊት ከመግፋት አልፎ ማሽከርከርም አለበት። ስለዚህ ከጎማው ዳር ያለ አንድ ኪሎ በመነሻ ጊዜ ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ሆኖ ይቆጠራል። ፍጥነቱ በተረጋጋበት ረጅም መንገድ ይህ ብዙም አይታወቅም። ከመገናኛ ሜክሲኮ እየቆሙ እየተነሡ ለሚውሉ ግን እያንዳንዱ ፍሬን ያንን ጉልበት ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል።

የጥርሱ ነገር

ብዙ ጊዜ "ትልቅ ጎማ ነዳጅ በላብኝ" የሚል ሰው በአንድ ቀን ሁለት ነገር ነው የቀየረው፦ ቁመቱንና ጥርሱን። አስፋልት ላይ ከሩቅ የሚጮኸው የጭቃ ጎማ፣ ትልልቅ ጥርሶቹ መሬት በነኩ ቁጥር ይታጠፋሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይሞቃሉ። ያ ሙቀትና ያ ጩኸት ከነዳጅ የመጣ ነው። በእኔ ግምት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ኮረኮንች ላይ ለሚሠራ፣ ክረምት ከክረምት ጭቃ ውስጥ ለማይውል ሰው የጭቃ ጎማ ብክነት ነው። በፋብሪካው ልክ የሆነ ሁለገብ ጎማ ሥራውን ይሠራል።

ቁመት ለብቻው እንዲህ የሚወቀስ አይደለም። ቀጭኑና ረጅሙ 7.50 በ16፣ ሃርድ ቶፕ በሚባለው ላንድክሩዘር ላይ ለዘመናት የኖረው፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ድንጋይና ጉድጓድ ላይ በቀላሉ ያልፋል፤ ስፋት ስለሌለውም ለንፋስና ለጭቃ የሚሰጠው ፊት ትንሽ ነው። በአፋር አሸዋ ላይ ደግሞ የሚያድነው የጎማውን ንፋስ መቀነስ ነው። በ35 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ወደ 18 ወይም 20 ሲወርድ መሬት የሚነካው ክፍል ከስፋቱ ይልቅ በርዝመቱ ያድጋል፤ መኪናው አሸዋውን እያረሰ ከመሄድ ይልቅ በላዩ ይሄዳል፣ ነዳጁም ያንሳል። አስፋልት ሲገባ ግን ወዲያው መሞላት አለበት። ላልቶ የሚሄድ ጎማ ነዳጅ ከመብላቱም በላይ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።

ተረት፦ "ዲፈረንሻሉን ባለ ትልቅ ቁጥር ማድረግ ሁልጊዜ ነዳጅ ይጨምራል"

በፋብሪካ ጎማ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ጎማው ካደገ ግን ነገሩ ይለወጣል። 4.10 የነበረው መኪና በ7 በመቶ ጎማው ሲያድግ ወደ ቀድሞ ስሜቱ ለመመለስ 4.39 ያስፈልገዋል። በገበያ ከሚገኙት ውስጥ 4.30 ትንሽ ያንሳል፣ 4.56 ትንሽ ይበልጣል። ዳገት ለሚውል፣ ጭነት ለማይለየው 1ኤችዜድ ይህ ለውጥ ማርሽ መመለስን ስለሚቀንስ ነዳጁን ወደ ቦታው ሊያመጣው ይችላል። ጉልበተኛ ቱርቦ ሞተር ላለው፣ ጎማውን በ7 በመቶ ብቻ ላሳደገ ሰው ግን አልመክርም፤ የዕቃውና የእጅ ዋጋው ከሚገኘው ነዳጅ ጋር አይመጣጠንም።

ከተለወጠም የፊትና የኋላው አብሮ ይለወጣል። የኋላውን 4.56 አድርጎ የፊቱን 4.10 ትቶ ፎር ዊል ያስገባ ሰው፣ ፊትና ኋላው የተለያየ ፍጥነት እየጠየቁ ዘንጉንና ጥርሱን ይሰባብሩበታል።

ተረት፦ "ትንሽ ሞተር ትንሽ ይጠጣል፤ ጥቁር ጭስ ያለው ጉልበት አለው"

ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣኋቸው መልሳቸው አየር ስለሆነ ነው።

ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው ባገኘው አየር ልክ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ 21 በመቶ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ገደማ ይወርዳል፤ 1ኤችዜድ በወረቀት ያለው 130 ያህል የፈረስ ጉልበት እንጦጦ ላይ አይገኝም። ሾፌሩ ደከመ ብሎ ጋራዥ ይወስደዋል፣ ፖምፓው ከፍ ይደረጋል፣ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ ይወጣል። ያ ጥቁር ነገር አየር አጥቶ በቅጡ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ትንሽ ጉልበት ተጨምሮ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ የተጨመረው ግን ተከፍሎበት በማርሚታ የሚወጣው ነው፣ ከኋላ ያለው ሕፃንም ይተነፍሰዋል። ጭስ ያየ ሰው መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውንና የኢንጀክተሮቹን ጫፍ ያስመርምር።

ቱርቦ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህን ጉድለት በብዛት ይሸፍናል። የሊትር ቁጥር ብቻውን መለኪያ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ላንድክሩዘር 70 ላይ የነበረው ባለ 4.5 ሊትር ቪ8 ናፍጣ 205 የፈረስ ጉልበትና 430 ኒውተን ሜትር ነበረው። በቅርብ ዓመታት የተካው ባለ 2.8 ሊትር 204 የፈረስ ጉልበትና 500 ኒውተን ሜትር አለው። እዚህ ላይ ትንሹ ያሸንፋል፤ የሚሽከረከርና የሚፋተግ ዕቃው አነስተኛ ሆኖ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራልና።

በሌላ በኩል የ2.7 ሊትር ቤንዚን ሞተር ከ3.0 ሊትሩ 1ኬዲ ናፍጣ ያነሰ ነው፤ ጭነት ያለበትን ፕራዶ ዳገት ሲያወጣ ግን የበለጠ ይጠጣል። ቤንዚኑ 240 ኒውተን ሜትር ያህሉን ለማግኘት ወደ 4,000 ዙር መጮኽ አለበት፤ ናፍጣው 343ቱን ከ1,400 ዙር ጀምሮ ይሰጣል። አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱ ከአንድ ሊትር ቤንዚን 10 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ይዟል።

ሞተሩ ምንም ይሁን ምን የማይቀር ሒሳብ ደግሞ አለ። 2,800 ኪሎ የሚመዝን መኪናን 1,000 ሜትር ወደ ላይ ማንሣት ብቻውን ከ2 ሊትር በላይ ናፍጣ ይፈልጋል። ፖርቶመጋላ፣ የብረት ባምፐር፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ፣ ሞልቶ የሚቆም ጀሪካን፤ ሁሉም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ። ፖርቶመጋላው ከክብደቱ በላይ ንፋስ ይይዛል። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጨምር ሰው የንፋሱን ተቃውሞ በ56 በመቶ ያሳድገዋል፤ ከጎማው ልኬት ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ጎማ ከመግዛት በፊት

ጎማው ከዲፈረንሻሉ ጋር መመጣጠን ስላለበት ቁጥሩን ማወቅ ይቀድማል፤ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ዲፈረንሻሉ ስንት እንደሆነ አያውቅም። ቶዮታ ላይ የዲፈረንሻሉ መለያ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር በመኪናው ስም ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ ግን የቀድሞው ባለቤት ቀይሮት ሊሆን ይችላል። በእጅ መቁጠር ይቻላል። ሎክ በሌለው ዲፈረንሻል፣ ሜዳ ላይ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ አጥብቆ ደግፎ፣ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሥቶ፣ ካምቢዮውን ነጻ ማድረግና የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ነው። ጎማውና የዲፈረንሻሉ ዘንግ ላይ በኖራ ምልክት ይደረጋል፣ ከዚያ ጎማው ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። አንዱ ጎማ ስለቆመ የተነሣው ሁለቴ ሲዞር የዲፈረንሻሉ ውስጠኛ ክፍል አንዴ ይዞራል። ዘንጉ ከአራት ዙር ጥቂት ካለፈ 4.10 ነው፤ ከአራት ተኩል ትንሽ ካለፈ 4.56። ሰው ከመኪናው ሥር አይግባ፤ ዘንጉን ከጎን ሆኖ በባትሪ ብርሃን መቁጠር ይቻላል።