የራኬቱ ጎማ ስንት ሚሊሜትር ነው?

በጠረጴዛ ቴኒስ ኳሷ ከራኬቱ ጋር የምትቆየው የሰከንድ አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ነው። ባዶ ጣውላ ወዲያው ይመልሳታል። ስፖንጅ ሲኖር ግን ጥቂት ትሰምጣለች፤ ንክኪው ይረዝማል፤ በላዩ ያለው ጎማም በሰበቃ ያሽከረክራታል።

ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ እ.ኤ.አ. በ1952 በቦምቤይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በወፍራም ስፖንጅ ነው። ተጋጣሚዎቹን ያወካቸው ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም፤ የምቱ ድምፅ በመጥፋቱ የኳሷን አመታት በጆሮ መለየት ተሳናቸው። በ1959 ገደብ ተደረገ፦ ስፖንጅና ጎማ ከነማጣበቂያው ከ4 ሚሊሜትር፣ ስፖንጅ የሌለው ጎማ ከ2 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ።

ከሁሉ አስተዋይ የምንለው ግን የቀለሙን ደንብ ነው። ቀድሞ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ጎማዎችን በአንድ ቀለም ለጥፎ ራኬቱን ማገላበጥ ይቻል ነበር፤ ተጋጣሚው በየትኛው እንደተመታበት አያውቅም። ከ1986 ጀምሮ አንዱ ገጽ ጥቁር፣ ሌላው ደማቅ ቀይ ሆነ፤ ከ2021 ወዲህ በቀዩ ፋንታ ሌሎች ቀለሞችም ተፈቅደዋል፤ ጥቁሩ አልተነካም።

በዋጃ ጣውላ ቀርፆ የሚለማመድ ተማሪ ቢኖር እሰየው እንላለን። በዓለም አቀፉ ሕግ በሚመራ ውድድር ግን በባዶ እንጨት መምታት ክልክል ነው፤ ጎማ ሲያገኝም ከመያዣው አጠገብ የፈቃዱን ምልክት ይመልከት። የራያን ቆላ አቧራም ይጠንቀቅ፤ አቧራ የለበሰ ጎማ ሰበቃው ስለሚቀንስ ኳሷን እንደ ባዶ ጣውላ ያንሸራትታታል።