ከቦሌ እስከ ደለስ፦ አንድ ርቀት፣ ሁለት ዓይነት በረራ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘመድ ጥየቃ የሚመላለሰው መንገደኛ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሌላ ነገር ይገርመዋል። ሲሄድ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን አንድም ቦታ ሳያርፍ በአሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። ርቀቱ ያው ሆኖ ሳለ ይህ ለምን ሆነ?

በቅድሚያ መንገዱን እንየው። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ብታገናኙ መስመሩ በቻድና በማሊ አድርጎ ሰሃራን ያቋርጣል፤ ርዝመቱም ከ12,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሉል ላይ ክር ብትወጥሩ ግን ክሩ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ያልፍና ደቡብ ስፔንን ነክቶ አትላንቲክን ይሻገራል። በዚህም መንገዱ በ500 ኪሎ ሜትር ገደማ ያጥራል። የአየር ርቀት የሚለካው በዚህኛው ነው፤ አብራሪዎች ግን እንደ ነፋሱና እንደ አየር ክልሉ ሁኔታ ወዲህና ወዲያ ይላሉ።

የጥያቄው መልስ ያለው ከፍታው ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ የዋሽንግተኑ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቦሌ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አውሮፕላንን ከመሬት የሚያነሳው በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነው፤ ሞተሩም ጉልበት የሚያገኘው ከአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ የሞተሩ ጉልበት ደግሞ ይቀንሳል። መንደርደሪያው ማለቂያ ስላለው የሚቀረው ምርጫ ክብደት መቀነስ ነው። ሰውና ሻንጣ ከማስቀረት ነዳጁን ቀንሶ ተነስቶ መንገድ ላይ መሙላት ይሻላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለዚህ ሲል ለዓመታት ደብሊን ላይ ሲያርፍ ቆይቷል። ምርጫው ብልህነት የተሞላበት ነው፤ በደብሊን መዞር በአጭሩ መንገድ ላይ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነውና። የቶጎዋ ሎሜ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ትጨምራለች፤ በምትኩ የምዕራብ አፍሪካን መንገደኛ ታስገኛለች።

ከደለስ ሲነሳ ሁሉም ይገለበጣል። አየሩ ወፍራም ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል፤ አትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የከፍታ ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል።

እናት አባታችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ የምታስመጡ ሁሉ፣ ትኬቱን ስትቆርጡ መካከለኛው ማረፊያ የት እንደሆነ ጠይቁና አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሌሊት ከእንቅልፋቸው ነቅተው አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሲያዩት፣ ዋሽንግተን የደረሱ መስሏቸው እንዳይደናገጡ።