ከ3 ኦቨር በኋላ አንደር ይመጣል ያላችሁ ማነው?

አሁን ፈተና እያረምኩ መሆን ነበረብኝ። እጄ እምቢ አለ። ዛሬ 4ኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ያየሁት ነገር ከራሴ አልወጣ ስላለ በትኩሱ ልጻፈው። ፊደል ብስት እለፉኝ፤ መብራት የለም፣ ስልኬም 11 በመቶ ላይ ነው።

10ኛ ክፍል ገብቼ ፈንክሽን እያስተማርኩ ነው። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ስሙን አልጠራም፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ኖት የሚገለብጥ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ባለ 50 ሉክ ደብተር በማስመሪያ ተከፋፍሎ ተሰምሯል፦ ሰዓት፣ ባለሜዳ፣ እንግዳ፣ ውጤት፣ የጎል ድምር። ኦቨሩ (ጎል የበዛበት) በቀይ እስክሪብቶ፣ አንደሩ (ጎል ያነሰበት) በሰማያዊ። ገጽ በገጽ። ቤቲንግ ቤት ስክሪን ስር ቆሞ የገለበጠው የቨርቹዋል እግር ኳስ ውጤት ነው። በየገጹ ግርጌ «3 ቀይ ከመጣ ቀጥሎ ሰማያዊ» ብሎ ጽፎ ከቦበታል።

እኔ የሰጠሁትን የቤት ሥራ እንደዚህ አሳምሮ ሠርቶ አያውቅም።

ከክፍል ስንወጣ ጠራሁት። ምንም አልደነገጠም። «ቲቸር፣ እርስዎም ፋንታሲ ይጫወታሉ እኮ። ያው አይደለም እንዴ?» አለኝ። ከሳምንት በፊት በሰልፍ ሥነ ሥርዓት ላይ «ፋንታሲ የሚባል ቁማር ተማሪውን እያጠፋው ነው» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነግሮት ምን እንዲል ፈለጋችሁ? ትልቁ ሰው ፋንታሲን፣ ቤቲንግንና ቨርቹዋልን አንድ ላይ ከቀላቀለው ልጁም ቀላቅሎ ቢይዘው አይፈረድበትም።

ስለዚህ በቁጥር፣ በሥርዓት ላስረዳ።

1. ፋንታሲ። አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ በ2002/03 የውድድር ዘመን የተጀመረ የነፃ ጨዋታ ነው። በ100 ሚሊዮን የወረቀት ገንዘብ 15 ተጫዋች ትገዛላችሁ፣ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ አይፈቀድም፣ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ነጥብ እየሰበሰባችሁ 38 ሳምንት ትፎካከራላችሁ። በዓለም ላይ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው የተመዘገበባቸው የውድድር ዘመናት አሉ። ገንዘብ አይገባበትም፣ ገንዘብ አይወጣበትም። እኛ አስተማሪዎች፣ የጤና ጣቢያ ልጆችና ሁለት የቡና ማጠቢያ ሠራተኞች ሆነን በኮድ የምንገባባት አንድ ሚኒ ሊግ አለችን። እስከ አምና የመጨረሻ የወጣው ሰው ጥብስ ይጋብዝ ነበር። «እሱም ውርርድ ነው» ለምትሉኝ፣ ትክክል ናችሁ። ዘንድሮ አንስተነዋል።

(በየዓመቱ የምትሳሳቱት ነገር፦ ዴድላይኑ ከሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ 90 ደቂቃ በፊት ነው። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ በሚጀምር ጨዋታ ከሆነ መስከረም ላይ በእኛ 7 ሰዓት ይዘጋል። በጥቅምት አጋማሽ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ስለሚመልሱ 8 ሰዓት ይሆናል። አርብ ማታ ጨዋታ ካለ ግን ቀድሞ አርብ ነው የሚዘጋው። «ሰዓቱ ተቀየረብኝ» እያላችሁ አትጻፉልኝ።)

2. ቤቲንግ። ጨዋታው የእውነት ነው፣ ብሩም የእውነት ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሌት ብቻ ያዙልኝ። ለባለሜዳ 1.80፣ ለአቻ 3.40፣ ለእንግዳ 4.20 ኦድ (ካሸነፋችሁ ብራችሁ የሚባዛበት ቁጥር) ተሰጠ እንበል። 1ን ለእያንዳንዱ አካፍላችሁ ደምሩ። 0.556 ሲደመር 0.294 ሲደመር 0.238፣ 1.088 ይመጣል። የሦስቱ ዕድል ድምር ከ1 መብለጥ አይችልም፤ 9ኛ ክፍል ነው ይሄ። ትርፏ 0.088 የቤቱ ናት። 1ን ለ1.088 ስታካፍሉ 0.92 ገደማ ነው፤ ማለትም 100 ብር ስታስገቡ በአማካይ 92 ብር ይመለሳል። አሁን እንደዚህ ዓይነት 10 ጨዋታ በአንድ ትኬት አገጣጥሙ። 92 በመቶው አሥር ጊዜ በራሱ ይባዛል፣ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 43 ብር ገደማ ይሆናል። «አንዷ ጨዋታ አቃጠለችኝ» የምትሉት ለዚህ ነው። አንዷ አይደለችም ያቃጠለቻችሁ፣ ማባዛቱ ነው።

3. ቨርቹዋል። እዚህ ላይ ቁጭ በሉ።

ቨርቹዋል ላይ ተጫዋች የለም። ሜዳ የለም፣ ጉዳት የለም፣ ዝናብ የለም፣ ዳኛ የለም። ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩ ውጤቱን ይወስናል፣ ከዚያ በኋላ ለዓይናችሁ ሲባል ካርቱኖች ይሯሯጣሉ። አጥቂው ኳሱን ይዞ ሲገባ ብድግ ብላችሁ ትጮሃላችሁ፤ ውጤቱ ግን ያለቀለት ነው።

እያንዳንዱ ጨዋታ ከባዶ ይጀምራል። ማሽኑ ቅድም ቀይ አበዛሁ ብሎ አያፍርም፣ ሰማያዊ ልክስ ብሎም አይጨነቅም። አያስታውስም። የልጁ ደብተር ያስታውሳል፣ ማሽኑ አያስታውስም፤ የነገሩ ሁሉ ስህተት እዚህ ጋ ነው።

«ቲቸር፣ ኮምፒውተር እኮ ፕሮግራም ነው፣ አልጎሪዝሙ ይደጋገማል» የሚል አለ። ይሄ በየቴሌግራሙ ይሸጣል፣ በብር! እሺ፣ ይደጋገም። ሜርሴን ትዊስተር የሚባል በ1990ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) የወጣ፣ በጣም የታወቀ የቁጥር ማመንጫ ዘዴ አለ። ራሱን ከመድገሙ በፊት የሚያወጣው የቁጥር ብዛት ሲጻፍ 6002 አሃዝ አለው። ልብ በሉ፣ 6002 አልወጣኝም፤ 6002 አሃዝ ያለው ቁጥር። ያን ቁጥር ለመጻፍ ብቻ ከልጁ ደብተር 8 ገጽ ያህል ይፈልጋል። እስኪደገም ጠብቄ እይዘዋለሁ የሚል ሰው ካለ ዕድሜ ይስጠው።

«ግን ቲቸር፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ፣ ከ3 ኦቨር በኋላ አንደር መጣ።» አዎ መጣ። ኦቨር የመጣባቸውን ግን አልቆጠርካቸውም፤ «አቃጠለኝ» ብለህ አለፍካቸው።

ክፍል ውስጥ የሠራሁትን ቤታችሁ ሞክሩት። የ1 ብር ሳንቲም ያዙ፣ አንበሳና ሚዛን ያለበትን። 100 ጊዜ ወርውሩና ጻፉ። መሐል ላይ 5 ጊዜ ተከታትሎ አንበሳ የሚወጣበት ቦታ የመገኘት ዕድሉ 81 በመቶ ነው። ሳንቲሙ አልጎሪዝም የለውም። የሰው ጭንቅላት ነው ተከታታይ ነገር ሲያይ ምክንያት ካልፈለግሁ የሚለው። በ1913 (አሁንም በፈረንጆቹ) ሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ውስጥ ሩሌቱ 26 ጊዜ ተከታትሎ ጥቁር ላይ ቆመ። ሰዉ «አሁንስ ቀይ መምጣቱ የግድ ነው» እያለ በየዙሩ ቀይ ላይ ብር ሲከምር አምሽቶ ባዶ እጁን ወጣ። እነሱም በልባቸው ደብተር ነበራቸው።

4. እዚህ ጋ ስለ ፊክስድ ማች (ውጤቱ ቀድሞ ተወስኗል ስለሚባል ጨዋታ) ሻጮች ልጽፍ ነበር። ግን 3 መቼ አለቀና! ደግሞ ስለእነሱ አንድ መስመር ይበቃል፦ ውጤቱን የሚያውቅ ሰው ለእናንተ በ500 ብር አይሸጥላችሁም፣ ራሱ ይበላበታል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ብሩን ከየት እንዳመጣ ጠየቅሁት፤ የለቀማ ነው አለ። እዚህ ጌዴኦ ዞን ፍስሐ ገነት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ቀዩ ቡና ሲደርስ ልጆቹም ከትምህርት በኋላ፣ አንዳንዴም በትምህርት ሰዓት፣ ለቀማ ይወጣሉ። በየኪሱ ብር የሚገባው በዚህ ወቅት ነው። ለደብተር፣ ለጫማ፣ ለእናት የሚባለው ብር መንገድ ላይ ይቆረጣል። ቤቲንግ ቤቱ በር ላይ «ከ21 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት አለ። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ወረቀቱን አንብቦ ነው የገባው፤ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ።

የእኛ እርምጃስ? የፋንታሲ ሚኒ ሊጉ ይዘጋ ተባለ፣ ስልክ ይዞ የተገኘ ወላጅ ያመጣል ተባለ። ቤቲንግ ቤቱ እስከ ማታ ክፍት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ደግሞ ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልናገር። የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት የ9ኛ ክፍል ሂሳብ መጽሐፍ ግለጡ። 9 ምዕራፍ ነው። ስታቲስቲክስና ፕሮባብሊቲ የት አለ? 9ኛው ላይ። መጨረሻ። መጨረሻ ማለት ደግሞ የሚያስተምር ሰው የሚያውቀው ትርጉም አለው። የጠፋው ክፍለ ጊዜ፣ ስብሰባው፣ የለቀማው ወቅት፣ ሁሉም እዳውን የሚጥለው በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው። ሰኔ ላይ በሁለት ክፍለ ጊዜ «ይህን አንብቡት» ተብሎ ይታለፋል። ሪፖርቱ ላይ ግን «የመጽሐፍ ሽፋን 100%» ተብሎ ይሞላል። እኔም ሞልቼ አውቃለሁ፣ አልዋሽም። ልጁ ስለ ዕድል ለመጀመሪያ ጊዜ የተማረው ታዲያ የት ነው? ቤቲንግ ቤት ነው። አስተማሪው ስክሪኑ ነው፣ የክፍያ ትምህርት ቤት ነው።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ የተማርኩት የፋብሪካ ምርት የሚመስል ሪፖርት ልሞላ አልነበረም። ተዉኝ።

ፋንታሲን ለምን እከላከላለሁ? ልጁ «ያው አይደለም እንዴ» ላለኝ ጥያቄ መልሱ እሱ ነው። ፋንታሲ ላይ ትናንት ስለ ነገ ትንሽ ይናገራል። ተጫዋቹ ሰው ነዋ። ሞ ሳላ በ2024/25 344 ነጥብ ሰብስቦ ሬከርድ ሰበረ። የያዙት ሰዎች ጠንቋይ ስለሆኑ አይደለም፤ ፔናልቲ የሚመታው ማን እንደሆነ፣ በየሳምንቱ ስንት ደቂቃ እንደሚጫወት፣ ጎሉንም ማቀበሉንም እንደሚሠራ አይተው ነው። ከ2025/26 ጀምሮ ደግሞ ተከላካይ በአንድ ጨዋታ ኳስ በማውጣት፣ በማቋረጥ፣ በመሸፈንና በመንጠቅ 10 ከሞላ 2 ነጥብ ይጨመርለታል። ስለዚህ ጎል የማያገባውንም መቁጠር ያዋጣል። የቼዝ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማግነስ ካርልሰን በታኅሣሥ 2019 (በፈረንጆች) ከ7 ሚሊዮን ሰው መሐል 1ኛ ሆኖ ነበር፤ ዓመቱን 10ኛ ሆኖ ጨረሰ። ዕድልም አለበት፣ አልክድም፤ ካፒቴን ያደረግሁት ሰው በ12ኛው ደቂቃ አንካሳ ሆኖ ሲወጣ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን የሚቆጥር ሰው ከማይቆጥረው በዓመቱ መጨረሻ ይለያል። ቨርቹዋል ላይ አንድ ሺህ ገጽ የሞላም፣ ዓይኑን ጨፍኖ የነካም እኩል ናቸው። ሁለቱም ለቤቱ ይከፍላሉ።

ያ ልጅ ትዕግሥት አለው፣ ሥርዓት አለው፣ ቀለም ለይቶ ይጽፋል። ያንን ሁሉ ትዕግሥት የሚያፈሰው ምንም በማይናገር ነገር ላይ ነው። ያናደደኝ ቁማሩ ብቻ አይደለም፣ ብክነቱ ነው።

ደብተሩን ልቀማው አሰብኩ። ደንቡ ያዛል። አልቀማሁትም። ገልብጬ ከኋላ በኩል አዲስ ሰንጠረዥ አሰመርኩለት። የራሳችንን የሴቶች ቡድን ጌዴኦ ዲላን ያዝ አልኩት። የሶከር ኢትዮጵያን የጨዋታ ዘገባ እያነበብክ ማን እንደተሰለፈች፣ ማን እንዳገባች፣ ማን ካርድ እንዳየች ሙላ። ነጥቡን እንደ ፋንታሲው እንስጥ፤ ለአጥቂ ጎል 4፣ ለአማካይ 5፣ ለተከላካይ 6፣ ላቀበለች 3። ብር የለም፣ ሽልማት የለም። 5 ጨዋታ ስትሞላ አምጣውና በስድስተኛው ማን የበለጠ ነጥብ እንደምታመጣ አብረን እንገምታለን። ተሳስተን ከሆነ ለምን እንደተሳሳትን የምንጠይቃት ሰው ሜዳ ላይ አለች።

ፊቱ ላይ ብዙ ደስታ አላየሁም፣ እውነቱን ለመናገር። ደብተሩን ብብቱ ስር ከትቶ ሄደ። ነገ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ባገኘው አይገርመኝም።

ግን በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና «ቲቸር፣ በረኛዋ ጎል ካልገባባት ስንት ነው የምጽፍላት?» አለኝ።

4 አልኩት።

ስልኬ 3 በመቶ ደርሷል። ፈተናችሁን ነገ አርማለሁ።