ቮልስን ወደ ፋብሪካ መልኳ መመለስ ሲባል ምን ማለት ነው?

ደብረ ታቦር ሲነሣ ጋፋት ትዝ ይለናል። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚሁ አጠገባችን ነው። ዋናው መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ግን ቅጂው ነው። ከሩቅ ላያቸው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ይህን ያነሣሁት ወድጄ አይደለም፤ አሮጌ መኪናም እንዲሁ በጥገና ሰበብ የራሷ ቅጂ ሆና ልትቀር ስለምትችል ነው።

አጎቴ ከአባቱ የወረሳት ቮልስ አለችው። ባለፈው ክረምት "ቀይ አስቀብቼ ለሠርግ አከራያታለሁ" ብሎ ተነሣ። እኔም "ጋሼ፣ እስኪ መጀመሪያ ምን እንደነበረች እንወቅ" አልኩት።

ለመሆኑ በምን ይታወቃል? አንደኛው ማስረጃ የሻንሲ ቁጥር ነው። ቮልስ ላይ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በወለሉ መሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል። የእኛዋ በ115 ይጀምራል፤ 5ቱ የ1965 ሞዴል መሆኗን ይናገራል። ይህን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ነው። ጀርመን አገር ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን አውቶሙዚየም ደግሞ በዚሁ ቁጥር መዝገቡን አይቶ የተሠራችበትን ቀንና የመጀመሪያ ቀለሟን የሚገልጽ ሰርተፊኬት በክፍያ ይሰጣል።

ሁለተኛው ማስረጃ መኪናዋ ራሷ ናት። ከላይ ነጭ ነበረች። ከክሩስኮቱ ጀርባ፣ ቀለም ቀቢ ባልደረሰበት ቦታ ግን ሰማያዊ ወጣ። ሴት አያቴ አይተው "እኔ የማውቃት ይቺን ነው" አሉ። አጎቴ ዝም አለ።

እንግዲህ "ኦሪጅናል" መሆን ለጌጥ ብቻ አይደለም። የቮልስ ሞተር በውሃ ሳይሆን በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ የወረታን ዳገት ስትወጣ የሚፈላ ራዲያተር የላትም። ነገር ግን በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና ጎማዎች ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይገባ ይከላከላሉ። አንዳንድ መካኒክ "ትርፍ ነው" ብሎ ይጥላቸዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ለምን እንደሚግል ግራ ይገባናል። የእኛዋም ሁለቱ ጠፍተውባት ነበር።

በሌላ በኩል ሁሉን እንደ ፋብሪካው ማድረግም ያስቸግራል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተርም ቤንዚን ያበዛና ጥቁር ጭስ ያስወጣል። ስለዚህ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለቀዳዳ ትንሽ ብሎን በጠባብ መቀየር ግድ ነው። መብራቱም አለ። የ1965ቷ ቮልስ 6 ቮልት ነበረች፤ የእኛዋን ከዓመታት በፊት ወደ 12 ቀይረዋታል። እኔ ወደ 6 ትመለስ አልኩ። አጎቴ ግን "ማታ መንገድ ላይ አህያና ሰው ማየት አለብኝ" አለ። እውነቱን ነው።

በመጨረሻ የተስማማንበት ደንብ ይህ ነው፦ የተቀየረው ሁሉ ተመልሶ ሊገጠም የሚችል ይሁን፤ የወጣውም ዕቃ አይጣል። ብሎኗም፣ አሮጌው ዲናሞም ስማቸው ተጽፎባቸው ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። በዚህ ዓይነት ነገ ሌላ ሰው ቢያገኛት የቱ የፋብሪካ፣ የቱ የእኛ እንደሆነ አይጠፋውም። እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች ምንጭህን ለይ ስንባል የምንሰማው ይኸንኑ አይደል?

ቀዩ ቀለም ቀርቷል። አጎቴም አሁን "ለሙሽራ ሰማያዊም ያምራል" እያለ ነው።